ሸርጣን ወይስ ማስል? የትኛውን ለምን ብለን እንምረጥ

ሸርጣን ግሩም ምግብ ነው። ኦሜጋ-3 ለሚባለው ጠቃሚ የቅባት ዓይነት ብላችሁ የምትበሉት ከሆነ ግን ማስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳ ይሻላችኋል። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም፣ እጥፍ ገደማ ነው። ሸርጣን የሚመረጥበት ሌላ ጠንካራ ምክንያት አለው፤ እሱን ማወቅ ነው ዋናው ቁም ነገር።

ስለ ባሕር ምግብ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ሸርጣኑንም፣ ሽሪምፑንም፣ ኦይስተሩንም አንድ ላይ ጨፍልቀው «ቅባቱ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ ለልብ ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። ውሸት አይደለም። ግን ለሚመርጥ ሰው ምንም አይረዳም። ብረት ያነሰው ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ የደም ግፊት ያለበት ሰውና ጡንቻ የሚገነባ ስፖርተኛ አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው አይገባም።

ቁጥሮች እጠቅሳለሁ። ሌላ ካላልኩ በስተቀር በ100 ግራም የበሰለና ከቅርፊቱ የወጣ ሥጋ የተሰሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ላይ ያሉ ናቸው። እንደ ዝርያው፣ እንደ ወቅቱና እንደ ውሃው ከፍ ዝቅ ስለሚሉ መጠኑን ለማነጻጸር ያህል ያዟቸው።

ሁለቱን ወገኖች እንለይ

ቅርፊት ያለው ሁሉ ዘመድ አይደለም። ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ሎብስተር አንድ ወገን ናቸው። እግር አላቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ያገኙትን አድነው ወይም ለቅመው ይበላሉ። ማስል፣ ኦይስተር፣ ክላምና ስካሎፕ ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው፤ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ ይኖራሉ። ማስል ረዘም ያለ ጥቁር ሰማያዊ ቅርፊት ያለው ነው። ኦይስተር ቅርፊቱ ሸካራና ቅርጸ ቢስ ነው፤ ክላም ክብ ይላል፤ ስካሎፕ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። እነዚህ ውሃ እያጣሩ በውስጡ የሚንሳፈፉትን ደቂቅ አልጌዎች፣ ማለትም ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ ይመገባሉ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ማስልን፣ ኦይስተርንና ክላምን ስትበሉ የእንስሳውን ሰውነት በሙሉ ነው የምትበሉት፤ የምግብ መፍጫ እጢውም፣ የዘር እጢውም፣ ሁሉም አብሮ ይገባል። ከሸርጣን ግን ብዙ ሰው የሚበላው የመቆንጠጫውንና የእግሩን ነጭ ሥጋ፣ ማለትም ጡንቻውን ብቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ በነዚህ እንስሳት ላይ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። ቅባቱ ያለው እጢዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሸርጣን ምን ያህል ኦሜጋ-3 አለው?» ከማለት በፊት «የትኛውን ክፍሉን ነው የምትበላው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ስካሎፕን ተመልከቱ። ከማስል ጋር አንድ ወገን ነው፤ ግን በብዙ ቦታ የሚበላው ቅርፊቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ክብ ነጭ ጡንቻ ብቻ ነው። ውጤቱም እንደ ሸርጣን ሥጋ ሆነ፦ ፕሮቲኑ 20 ግራም አካባቢ፣ ቅባቱ ከ1 ግራም በታች፣ ኦሜጋ-3ው ከ200 ሚሊ ግራም በታች።

ስለ ፋቲ አሲዶቹ ማወቅ ያለብን

ፋቲ አሲድ ቅባት የሚገነባበት ክፍል ነው፤ ኦሜጋ-3ም አንዱ ዓይነቱ ነው። ከባሕር ምግብ የምንፈልጋቸው ኦሜጋ-3ዎች ሁለት ናቸው፤ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። ዲኤችኤ የአንጎልና የዓይን ሬቲና መሠረታዊ ግንባታ ውስጥ አለ። ኢፒኤ ደግሞ ሰውነት እብጠትንና የደም መርጋትን ለመቆጣጠር ለሚያመርታቸው ንጥረ ነገሮች መነሻ ነው። ከተልባና ከመሳሰሉት የእህል ዘሮች የሚገኘው ኤኤልኤ የሚባለው ኦሜጋ-3 ወደነዚህ ይቀየራል፤ ግን የሚቀየረው በጣም ጥቂቱ ነው፣ በተለይ ወደ ዲኤችኤ ሲሆን። የባሕር ምግብ ልዩ ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸርጣንም ሆነ ማስል እነዚህን ፋቲ አሲዶች በብዛት የሚያገኙት ከሚበሉት ነው። ዋናዎቹ አምራቾች ደቂቅ አልጌዎቹ ናቸው። ዲያቶም የሚባሉት በኢፒኤ የበለጸጉ ናቸው፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ደግሞ በዲኤችኤ። ማስልና ኦይስተር አልጌውን በቀጥታ ይበላሉ። ሸርጣን የሚያገኘው አልጌ የበላውን ሌላ እንስሳ በልቶ ነው። ለዚህም ነው የአንድ ዝርያ ሸርጣን እንደሚኖርበት ውሃና እንደሚቀርብለት መኖ የፋቲ አሲድ ይዘቱ የሚለያየው። በኩሬ የሚረባና የአትክልት ዘይት ያለበት መኖ የሚበላ ሸርጣን፣ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ኦሜጋ-6 ይበዛበታል። ጨው በሌለው የወንዝና የሐይቅ ውሃ የሚኖሩ ሸርጣኖችም በጥቅሉ ከባሕሮቹ ይልቅ ኦሜጋ-6 የሚያዘነብልባቸው ናቸው። ማሸጊያው ላይ «ሸርጣን» የሚለውን አይታችሁ ብቻ የኦሜጋ-3 መጠኑን መገመት አትችሉም።

ለግብ የሚሆን ቁጥር ልስጣችሁ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው በቀን 250 ሚሊ ግራም ኢፒኤ እና ዲኤችኤ በድምሩ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2010 ያሳተመው የባለሙያዎች ሪፖርትም ከዚሁ 250 ይነሳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን ቢያንስ 300 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ውስጥ 200 ሚሊ ግራሙ ዲኤችኤ እንዲሆን ይላል። ይህችን 200 አትርሷት፣ ወዲያው ትጠቅመናለች።

ቁጥሩን እንየው

ከሸርጣኖች ልጀምር። ኪንግ ክራብ የሚባለው ትልቁ የሰሜን ፓስፊክ ሸርጣን ቅባቱ 1.5 ግራም ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ ግን 410 ሚሊ ግራም ገደማው ኢፒኤና ዲኤችኤ ነው። ከጠቅላላ ቅባቱ ሩብ በላይ ማለት ነው። ዱንግነስ የሚባለውም ተቀራራቢ ነው፣ 390 አካባቢ። የጠገበ ቅባት፣ ማለትም እንደ ቅቤ ያለው ዓይነት፣ በሁለቱም ላይ እዚህ ግባ አይባልም። የሸርጣን ቅባት ጥቂት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ካለው ውስጥ ትልቅ ድርሻው ጠቃሚው ዓይነት ነው። በነጩ ሥጋ ውስጥ ያለው ኦሜጋ-3 ደግሞ በአብዛኛው ፎስፎሊፒድ ከሚባለው የሕዋስ ሽፋን ቅባት ጋር የተያያዘ ነው።

ሽሪምፕ ወደ 300 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ሎብስተር 200 አካባቢ ነው፣ ስሙ ከይዘቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። ክላም 280 ገደማ።

አሁን ማስልን እንይ። ወደ 780 ሚሊ ግራም። የፓስፊክ ኦይስተር ሲበስል ደግሞ ከ1,300 ያልፋል፤ ሲበስል ውሃው ስለሚወጣና ሥጋው ስለሚሰበሰብ ነው ከፍ የሚለው፣ ጥሬው 690 ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልሞን ከ2,000 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ግን ከ12 ግራም ቅባትና ከ200 በላይ ካሎሪ ጋር ነው የሚመጣው። ማስል 172 ካሎሪ፣ የፓስፊክ ኦይስተር 163፣ ኪንግ ክራብ 97 ናቸው።

ከድምሩ በላይ ግን እኔን የሚስበኝ ድርሻው ነው። ኪንግ ክራብ 295 ሚሊ ግራም ኢፒኤ እና 118 ሚሊ ግራም ዲኤችኤ አለው። ዱንግነስም እንደዚያው ነው፤ ኢፒኤው ከዲኤችኤው ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ማስል ተገላቢጦሽ ነው፦ ኢፒኤ 276፣ ዲኤችኤ 506። አሁን ያቺን 200 አስታውሱ። ነፍሰ ጡር ሆና ለልጇ አንጎል ብላ ዲኤችኤ የምትፈልግ እናት በ100 ግራም ኪንግ ክራብ ግቧ ላይ አትደርስም፤ በ100 ግራም በደንብ የበሰለ ማስል ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ታገኛለች። የሁለቱን ድምር ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይህን ይደብቃል።

ስለ ኦይስተር አንድ ነገር ልጨምር። ኦይስተር እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት ወፍራምና የተሞላ ነው፤ ከጣለ በኋላ ቅባቱም ግላይኮጅን የሚባለው የተጠራቀመ ስኳሩም ይወርዳል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ወቅቱ ጣዕሙን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም ይለውጣል።

ቡናማው ሥጋ

የሸርጣን ወዳጆች «እናንተ የምታወሩት ስለ ነጩ ነው፣ ዋናው እኮ ቡናማው ነው» ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው። በቅርፊቱ ሥር የሚገኘው ለስላሳ ቡናማ ወይም ቢጫ ነገር የምግብ መፍጫ እጢው ነው፤ የእኛ ጉበትና ቆሽት የሚሠሩትን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። ከሱ ጋር የዘር እጢው አለ፣ በሴቷ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል። ሸርጣኑ ኃይሉን የሚያጠራቅመው እዚህ ነው። ቅባቱም፣ ኦሜጋ-3ውም፣ ጣዕሙም ከነጩ ሥጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቻይናው ጸጉራም መቆንጠጫ ሸርጣን የሚወደደው በዋናነት በዚሁ ክፍሉ ነው።

ችግሩ ይኸው እጢ የሚያጠራቅመው ቅባት ብቻ አለመሆኑ ነው። ካድሚየም የሚባለው ከባድ ብረትም እዚያው ይከማቻል። ካድሚየም ኩላሊት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከገባ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አይወጣም። የአውሮፓ ኅብረት ለሸርጣን ያወጣው የካድሚየም ገደብ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የሚመለከተው ግን የእግሩንና የመቆንጠጫውን ነጭ ሥጋ እንጂ ቡናማውን አይደለም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ማሸጊያው ላይ «ደረጃውን ያሟላ» ቢል ስለ ቡናማው ሥጋ የሚነግራችሁ ነገር የለም ማለት ነው። በ2011 የአውሮፓ ኮሚሽን ቡናማ ሥጋ አዘውትረው ለሚበሉ ሰዎች ጉዳዩን የሚያስረዳ መረጃ ማውጣቱም ለዚሁ ነው።

መጠኑን ለመገመት የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 ያስቀመጠውን ተመልከቱ፦ በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2.5 ማይክሮ ግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 150 ማይክሮ ግራም ማለት ነው፣ ከምግብ ሁሉ ተደምሮ። በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ካድሚየም ያለበት እጢ ቢያጋጥመው 50 ግራም ብቻ በልቶ የሳምንቱን ይጨርሰዋል።

ምርጫዬን ልንገራችሁ። አልፎ አልፎ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከሆነ ቡናማውን ብሉት፣ ያስፈራል አልልም። ለኦሜጋ-3 ብላችሁ የሳምንት ልማድ ልታደርጉት ካሰባችሁ ግን ተዉት። ማስል ያንኑ ይሰጣችኋል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ነጩ ብቻ ይሁን። የሎብስተር አረንጓዴ እጢም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እንዳይበላ አስጠንቅቆ ነበር፣ ያኔ ምክንያቱ ካድሚየም ሳይሆን ሽባ የሚያደርግ የአልጌ መርዝ እጢው ውስጥ በብዛት መገኘቱ ነው። የሎብስተሩ ነጭ ሥጋ ላይ ግን ችግር አልነበረም።

ማስልና ኦይስተርስ ሙሉ ሰውነታቸው ስለሚበላ ካድሚየም የለባቸውም ወይ? አለባቸው። ልዩነቱ የአውሮፓ ገደብ፣ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ የሚበላውን ሙሉ ሥጋ የሚመለከት መሆኑ ነው። ከቁጥጥር ያለፈ ምርት ስትገዙ የተለካው የምትበሉት ነገር ነው። ለኔ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሸርጣን የሚያሸንፍበት ቦታ

ፕሮቲን። ዱንግነስ 110 ካሎሪ ላይ 22 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ሽሪምፕ 99 ካሎሪ ላይ እንደ መለኪያው ከ21 እስከ 24 ግራም። ከቅባት ጋር ሳይመጣ ይህን ያህል ንጹሕ ፕሮቲን የሚሰጥ ምግብ ብዙ አይደለም። ክብደት እየቀነሳችሁ ጡንቻችሁን ማቆየት ከፈለጋችሁ፣ እነዚህን ሁለቱን ያዙ። ማስልም 24 ግራም አለው፣ ግን ካሎሪው ከፍ ይላል።

ዚንክ። ኪንግ ክራብ 7.6 ሚሊ ግራም አለው። አዋቂ ወንድ በቀን 11፣ ሴት 8 ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ኦይስተርን የሚወዳደር ግን ከምግብ ሁሉ የለም፤ የበሰለ የፓስፊክ ኦይስተር 33 ሚሊ ግራም አለው፣ የምሥራቁ የአሜሪካ ዝርያ ደግሞ ከዚያም በጣም ይበልጣል። ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 40 ስለሆነ ኦይስተር በየቀኑ የሚበላ ምግብ አይደለም፣ የዚንክ ኪኒን እየዋጡ ደግሞ ጭራሽ።

መዳብ ላይ ሸርጣን ጎበዝ ነው። ደማቸው የኛን ያህል ብረት የለበትም፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞሲያኒን የሚባል መዳብ ያለበት ፕሮቲን ነው፣ ለዚህም ነው ኦክስጅን ሲነካው ሰማያዊ የሚሆነው። 100 ግራም ኪንግ ክራብ 1.2 ሚሊ ግራም ያህል መዳብ አለው፤ የቀኑ ፍላጎት 0.9 ነው። ሴሊኒየምም አለ፣ በዱንግነስ 48 ማይክሮ ግራም ገደማ፣ ከሚያስፈልገው 55 ብዙም አይርቅም።

ብረት ግን ከሸርጣን አትጠብቁ። ኪንግ ክራብ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። ማስል 6.7፣ የፓስፊክ ኦይስተር 9 ገደማ። በወር አበባ ምክንያት ብረቷ ዝቅ ያለ ሴት የቀን ፍላጎቷ 18 ነውና እነዚህ ትርጉም ያለው እገዛ ያደርጋሉ። ክላም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ በድሮ ሰንጠረዦች 28 ሚሊ ግራም ብረት አለው ተብሎ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይገለበጣል። የተስተካከለው ቁጥር 3 እንኳ አይሞላም።

ክላም የሚያሸንፈው በቫይታሚን ቢ12 ነው። 99 ማይክሮ ግራም። የቀን ፍላጎታችን 2.4 ነው! ማስል 24፣ ኪንግ ክራብ 11.5። ለቢ12 ብቻ ከሆነ የትኛውንም ብትመርጡ ይበቃችኋል፣ ሸርጣኑም ከአራት እጥፍ በላይ ነው የሚሰጠው።

ኮሌስትሮል ሰዎችን የሚያስፈራው

ብዙ ሰው ሽሪምፕንና ሸርጣንን የተወው በኮሌስትሮል ምክንያት ነው። ሐኪምም አንዳንዴ «የባሕር ምግብ ተው» ይላል። ጉዳዩን ረጋ ብለን እንየው።

ሽሪምፕ 190 ሚሊ ግራም ያህል ኮሌስትሮል አለው፤ ይህ አንድ ትልቅ እንቁላል ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። ሎብስተር 146። ሸርጣኖች ዝቅ ይላሉ፦ ኪንግ ክራብ 53፣ ዱንግነስ 76፣ ሰማያዊው ሸርጣን 97። ማስል 56፣ ስካሎፕ 41። የሸርጣን ነጭ ሥጋ ከሽሪምፕ ጋር አንድ ላይ መከሰሱ ፍትሕ አይደለም።

ለአብዛኛው ሰው ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ይበልጥ የሚያንረው የጠገበ ቅባት ነው፤ በነዚህ ምግቦች ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 300 ግራም ሽሪምፕ አብልቷል። ኮሌስትሮሉ ዝቅተኛ ከነበረ አመጋገብ ጋር ሲነጻጸር መጥፎው 7 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ጥሩው ደግሞ 12 በመቶ ጨመረ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት 13 በመቶ ወረደ። 300 ግራም በየቀኑ ብዙ ነው፤ ማንም እንደዚያ አይበላም። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያም ከ2015 ጀምሮ የ300 ሚሊ ግራሙን የቀን ገደብ ትቶታል።

በማስልና በክላም ላይ ሌላ ታሪክ አለ። የቀድሞዎቹ የመለኪያ ዘዴዎች ኮሌስትሮልን ስቴሮል ከሚባሉት ሌሎች ተመሳሳዮቹ መለየት አይችሉም ነበር፤ ከአልጌ የመጡትን የዕፅዋት ዓይነት ስቴሮሎች ሁሉ «ኮሌስትሮል» ብለው ደመሩት። እነዚያ ስቴሮሎች ደግሞ ኮሌስትሮል አንጀት ውስጥ እንዳይመጠጥ ነው የሚያደርጉት።

በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው ከሐኪሙ ጋር መነጋገሩ ይቀጥል። ሌላው ግን የሚያሳስበው ሸርጣኑ ሳይሆን አብሮ የሚቀልጥበት ቅቤ መሆን አለበት።

ጨው፣ መጥበሻና አስመሳዩ ሸርጣን

ኪንግ ክራብ ደካማ ጎኑ ጨው ነው፤ 1,070 ሚሊ ግራም ሶዲየም። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ከ2,000 በታች ነው የሚለው። ምክንያቱ በጨው ውሃ ተቀቅሎ በጨው ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ዱንግነስ 380 አካባቢ ነው፣ ማስልም እንደዚያው። የደም ግፊት ካለባችሁ በኪንግ ክራብ ፋንታ ሌላ ሸርጣን ምረጡ። የቆርቆሮ ከሆነ ውሃውን አፍስሳችሁ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ማድረጉ ይጠቅማል።

አበሳሰል ላይ ብዙ የምለው የለኝም፦ በእንፋሎት አብስሉት። በዘይት ጠልቆ ሲጠበስ የዘይቱን ኦሜጋ-6 ይጠጣል፤ 1 ግራም ቅባት የነበረው ሥጋ 12 ግራም ይሆንና ያ የተደነቀው ድርሻ ይጠፋል። ማስልን በእንፋሎት ስታበስሉ ከሥር የሚቀረውን መረቅ አትድፉት፣ የሟሟው ማዕድን እዚያ ነው። ሸርጣን ሲበስል የሚቀላው አስታዛንቲን በሚባል ቀለም ነው፤ በጥሬው ከፕሮቲን ጋር ታስሮ ስለሚቆይ አይታይም፣ ሙቀት ሲፈታው ይወጣል። መቅላቱ ግን ውስጡ በስሏል ማለት አይደለም።

በዱላ ቅርጽ እየተቆረጠ የሚሸጠው ጠርዙ የቀላ «ሸርጣን» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሸርጣን አይደለም። ሱሪሚ ይባላል፤ ፖሎክን ከመሰለ ነጭ ዓሣ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ስታርች፣ ስኳርና ጨው ይገባበታል። ፕሮቲኑ 8 ግራም አይሞላም፣ ካርቦሃይድሬቱ 15 ግራም ነው። ሲታጠብ ቅባቱ ስለሚሄድ፣ አምራቹ የዓሣ ዘይት ካልጨመረበት በስተቀር ኦሜጋ-3 አትጠብቁበት። ርካሽ መሆኑን አልክድም፤ ግን ለሸርጣን ይዘት ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ገንዘባችሁን ለማስል አውሉት።

ማን ምን ይጠንቀቅ

አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ አይቀልድ። ዋናው አለርጂ አምጪ ትሮፖማዮሲን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው፣ ሲቀቀልም አይጠፋም። ለሽሪምፕ አለርጂ የሆነ ለሸርጣንና ለሎብስተርም አለርጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ማስልና ኦይስተርን ግን የሚችሉ አሉ፤ ይህ የሚረጋገጠው በሐኪም ምርመራ እንጂ በቤት ሙከራ አይደለም። «የአዮዲን አለርጂ ነው» የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም።

ሪህ ያለበት ሰው በማስልና በስካሎፕ ላይ ይቆጠብ፣ ሪህን የሚያባብሰው ፒዩሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በነሱ ከፍ ያለ ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ደግሞ ከሁሉም ዕረፍት መውሰድ ነው የሚሻለው።

በዓሣ ውስጥ የሚከማቸው መርዛማ ብረት፣ ሜርኩሪ፣ ለሚያስፈራችሁ ደስ የሚል ዜና አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ክላም፣ ኦይስተር፣ ስካሎፕና ሎብስተርን ለነፍሰ ጡሮችም ጭምር «ምርጥ ምርጫ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ነው ያስቀመጣቸው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 110 ግራም ገደማ። በሱ ልኬት የሸርጣን አማካይ ሜርኩሪ በኪሎ 0.065 ሚሊ ግራም ሲሆን ሰይፍ ዓሣ ወደ 1 ይጠጋል።

ጥሬ ኦይስተር ላይ ግን አቋሜ ጥብቅ ነው። ውሃ የሚያጣራ እንስሳ በውሃው ያለውን ሁሉ ያጠራቅማል፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮ ቫይረስም፣ ቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም እዚያው ናቸው። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባለው ጉበቱ የታመመን ሰው በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሎሚም ቃሪያም አይገድለውም። ነፍሰ ጡር፣ ጉበቱ የታመመ፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጥሬውን ፈጽሞ አይንካ። ሲቀቀል ቅርፊቱ ከተከፈተ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በእንፋሎት ከሆነ ከ4 እስከ 9 ደቂቃ መቆየት አለበት። ከመብሰሉ በፊት ክፍት ሆኖ ሲነካ የማይዘጋውን፣ ከበሰለ በኋላም ያልተከፈተውን ጣሉት።

የአልጌ መርዝ ሲሆን ግን ማብሰልም አያድንም። በ1987 በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የመጣ ማስል የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፣ ከተረፉት አንዳንዶቹ ላይ የማስታወስ ጉዳት ቀረ። መርዙ ዶሞይክ አሲድ ነበር፣ ከዲያቶም የመጣ። ያው ኢፒኤውን የሚሰጠን የአልጌ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የማርቢያና የመሰብሰቢያ ውሃዎች በየጊዜው ይመረመራሉ፣ መርዙ ሲታይም ይዘጋሉ። ስለዚህ ማስልና ኦይስተር ስትገዙ የመጣበት ውሃና የተሰበሰበበት ቀን የተጻፈበትን ብቻ ግዙ፤ ከባሕር ዳር ራሳችሁ ልትለቅሙ ካሰባችሁ ደግሞ ቦታው በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ አንድም አትብሉ።